የባጃጁ ቤት መብራት

ላሊበላ ውስጥ ታስቦበት የጨለመ ቦታ አንድ አለ፤ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው የዋሻ መንገድ። አስጎብኚዎች አፉ ላይ ሲደርሱ እንግዳቸውን ያቆሙና «ባትሪ አጥፉ፣ ስልክ አጥፉ፣ አንድ እጃችሁን ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጃችሁን አናታችሁ ላይ» ይላሉ። የሲኦል ምሳሌ ነውና በመብራት አይታለፍም። ፕሮፌሰርም ይሁን ጡረተኛ፣ ከጃፓንም ይምጣ ከጅማ፣ እዚያ ከገባ በኋላ ሁሉም አንድ ነው፤ የፊተኛውን ሰው ልብስ ጭምድድ አድርጎ ይዞ የሚያውቃትን ጸሎት በልቡ ይደግማል።

ታናሽ ወንድሜ ብዙ ዓመት እንጀራውን የበላው ሰውን በዚያ ጨለማ እያሳለፈ ነው። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ኮሮና ጓዙን ጠቅልሎ ሳይወጣ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰ። እንግዳውም በዚያው ቀረ። ወንድሜ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን የአስጎብኚ መታወቂያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ያለውን አራግፎ፣ የጎደለውን ተበድሮ ባጃጅ ገዛ። «ጋሼ፣ ቱሪስት ይመጣል ይሄዳል፤ ዳገት ግን የትም አይሄድም» አለኝ። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እውነት ነው። ከተማችን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጠላጥላለች። ከእኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ቁልቁል ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ለመውረድም ቁልቁል ነው። ሰው ወደ እግዚአብሔርም ወደ በርበሬም በእግሩ ይወርዳል። ባጃጅ የሚበላው ከመመለሻው ነው።

ችግሩ ባጃጁ ራሱ የሚያድርበት ነበር። ዋናው ቤታችን ከላይ ነው፣ የግቢው በር ከታች። ባጃጁ ወደ ቤቱ አይወጣም፣ ቤቱም ወደ ባጃጁ አይወርድም። ስለዚህ በሩ አጠገብ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ አንድ ቤት ተሠራለት። ከዋናው ቤት 40 ሜትር ይርቃል። ቀን ቀን ማለፊያ ቤት ነው። ማታ ግን ወንድሜ ካንዴላ የሚያጸዳው ስልኩን በጥርሱ ነክሶ፣ በስልኩ ባትሪ ብርሃን ነው። በዚህ መሀል ደንበኛ ሲደውል ነው ጉዱ። ስልኩ አፉ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። እጁ ግራሶ ነው። ቢለቀው ይጨልማል፤ ነክሶ ቢይዘው አያናግርም። አንድ ምሽት እናታችን ከላይ ሆና ያንን የታፈነ «እምምም» ሰማችና «ልጄን ምን ያዘብኝ!» ብላ የጠበል ጀሪካን ይዛ ወረደች። ባጃጁም ተጠመቀ፣ ስልኩም ተጠመቀ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ በዲቫይደር ሞከረው። አንዱን ከሳሎን፣ አንዱን ከማድቤት አነሣ፤ አንዱን ከጎረቤት ተዋሰ፤ አንዱን በሌላው ላይ እየሰካ፣ በመስኮት አውጥቶ፣ በጎመኑ መደብ ላይ አሳልፎ ወደ ታች ወሰደው። ዝናብ ሲያስፈራው መጋጠሚያዎቹን በላስቲክ ጠቀለላቸው፤ ላስቲኩ ሲያልቅ የተቆረጠ ጀሪካን ደፋባቸው። ይህን ጥበብ እሱ አልፈለሰፈውም። ከላሊበላ እስከ አዲስ አበባ ጓሮው ውስጥ የተነጠለ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማድቤቱም፣ የተከራይ ክፍሉም፣ የዶሮው ቤትም በዚህ መንገድ ነው ብርሃን ያየው። በመጨረሻ ኤሌክትሪሻን አስጠራን፤ እሱም በመጀመሪያው ቀን መጥቶ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ተከተለው። ጎመኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። አንዱን ጀሪካን በእግሩ ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ከደነው።

«እናንተን የሚጠብቅ ታቦት አለ» አለ።

ልጁ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ፣ ደረት ኪሱ ላይ ቴስተር የማይለየው፣ ቁጥብ ሰው ነው። ያስጠራነው ለአንድ አምፖል ነበር። ወንድሜ ነገሩን ሲያስረዳው «አምፖል ብቻ ነው» አለ። ቀጥሎ «ምናልባት አንድ ሶኬት» አለ። ትንሽ ቆይቶ የብየዳ ማሽን ያለው ጓደኛው አንዳንዴ ብቅ ሊል እንደሚችል ጠቀሰ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባለሦስት እግሮች መታየታቸውን፣ ቤንዚን በጀሪካን በሚሸጥበት አገር ባጃጁን ማታ ሰክቶ ጠዋት መንቀል ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ተናገረ። ኤሌክትሪሻኑ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ማስታወሻውን ከኪሱ አወጣ።

«ሰው ሁሉ አምፖል ብሎ ይጠራኛል፤ ሶኬት ብሎ ይሸኘኛል» አለ። «እኔ የምጽፈው የመጨረሻውን ነው።»

መጀመሪያ ሶላር ይሻላል ያለችው ባለቤቴ ነበረች። የሶላርን ነገር ለላሊበላ ማንም አይነግራትም። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ከተማዋን ከእጅ ወደ እጅ ሲያፈራርቃት መስመሩ ተቋርጦ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ኖረናል። ያኔ ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሰው ባላባት ነበር። ሰላምታው በዛ፣ ዝምድናው በዛ። በአምስተኛ ቤት የሚቆጠር ዘመድ ስልኩን ይዞ ይመጣና ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሞቹ ጠይቆ ጨርሶ፣ በመጨረሻ «እንዲያው ትንሽ ብትሞላልኝ» ይላል። ስልክ ሞልቶ የሚደወልበት ኔትወርክ ባይኖርም ይሞላ ነበር፤ ሰው ለፎቶውም ለባትሪውም ሲል ይሞላል። እናታችን ከዚያ ዘመን የወረሰችው አንድ ትንሽ ሶላር መብራት አላት፤ ዛሬም ቀን ቀን ታሰጣዋለች፣ ማታ ማታ ታስገባዋለች፣ ለማንም አታውሰውም። ሶላሩ ለአምፖሉ ይበቃ ነበር። ለብየዳውና ላልተገዛው የኤሌክትሪክ ባጃጅ ግን አይበቃም፤ ወንድሜም ላልተገዛው ባጃጅ ጥብቅና ቆመ።

በነገራችን ላይ ወንድሜ መብራት የሚጠይቀው እንደ ባለ መብት እንጂ እንደ ለማኝ አይደለም። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብሎ አይቷል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር እንደሰማ ስልኩን አውጥቶ በባለ 10 ዋት አምፖል አካፈለው። «515 ሚሊዮን አምፖል!» ብሎ ተነሣ። ቦንድ ገዝቷል፤ እንግዳ ሲያስጎበኝ ከሚያገኘው ላይ አዋጥቷል። ስለዚህ ለኤሌክትሪሻኑ የነገረው ይህንኑ ነው፦ «ከ515 ሚሊዮን ውስጥ አንዷ አትደርሰኝም?»

«ደርሳለች» አለው ልጁ። «ቆጣሪው ድረስ መጥታለች። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው 40 ሜትር ያንተ ነው።»

ስለዚያ 40 ሜትር ልጁ ያስተማረን ነገር ተማሪ ሳለሁ ከተማርኩት ሒሳብ ይልቅ ይጠቅመኛል። እኛ ቤት ውስጥ ለአምፖል የሚዘረጋውን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አስበን ነበር፤ ርካሽ ነው። እሱ ግን ያንን ገመድ 40 ሜትር ወስደን 16 አምፒር ብንስብበት ከ220 ቮልቱ 15 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል አለን። ኮረንቲ በቀጭን ገመድ ሲጓዝ፣ ድሮ ከምጽዋ ተነሥቶ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ገበያ የሚደርስ ነጋዴ ነው፤ ጭነቱም ይቀላል፣ ፊቱም ይጠቁራል። ገመዱ ራሱ የወሰደውን ቀረጥ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከሆነ ግን ኪሳራው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። እናታችን ይህን ሁሉ ቡና እየወቀጠች ሰማች። ከሁሉም የገባት «መብራት መንገድ ላይ ይደክመዋል» የሚለው ነው፤ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች።

ገመዱ ተገዛ። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች።

የመጀመሪያው ሐሳብ በአየር ላይ መሳብ ነበር። መሀል ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተተከለ፤ ገመዱ በራሱ ክብደት እንዳይለጠጥ ከሽቦ ጋር ታሰረ፤ የገለባ ሸክም ያለው ሰው ቀና ብሎ እንዲያልፍ ከፍ ተደረገ። ኮረንቲው ሳይለቀቅ መሸ፤ ልጁ «ነገ ጫፍና ጫፉን አገናኛለሁ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሲመለስ ሽቦው ላይ ሁለት ነጠላ፣ አንድ አንሶላ፣ የወንድሜ ሱሪና የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ ነበር። እናታችን በእንጨት መንጠቆ ሽቦውን ወደ ታች እየሳበች ሌላ ታክልበታለች። ሰባ ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ነገር ሲባል የምታውቀው ሥራ ይኸው ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

«እማማ፣ ይኼ እኮ የመብራት ነው» አላት።

«ገና ሳይመጣ ትንሽ ብሠራበት ምን አለበት ልጄ? ሲመጣ አነሣዋለሁ።»

ልጁ እርጥቡን አንሶላ አየ። እናታችንን አየ። ምንም ሳይናገር ምሰሶው ላይ ወጥቶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። «መሬት ውስጥ እንቀብረዋለን» አለ ከላይ ሆኖ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ላሊበላዊ የሆነው። አባቶቻችን 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ፈልፍለው ያወጡባት ከተማ ናት። ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ወደ 12 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ መስኮቱ፣ ጣሪያው፣ መስቀሉ፣ ግቢው፣ መግቢያው ሁሉ ቁፋሮ ነው። ዓለም ይህን አይቶ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በቅርስ መዝገብ አስፍሮታል። እኛ የምንፈልገው ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ አንድ የላስቲክ ቧንቧ የሚያስተኛ ቦይ ነው። ሰፈራችን ከቅርሱ ክልል ውጭ ስለሆነ ከልካይ የለም። ቆፋሪ ግን የለም! አንድ ቀን ሁለት ጎልማሶች መጡ። ዶማውን አንድ ጊዜ ሰነዘሩ፤ ዶማው «ቀጭ» ብሎ ተመለሰ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ዳሰሱት፣ ተያዩ፣ ዋጋውን እጥፍ አደረጉት። እጥፉን እሺ ስንላቸው ደግሞ «ከቅዳሜ ገበያ በኋላ» አሉ። የየትኛው ሳምንት ቅዳሜ እንደሆነ አልተናገሩም።

ጎረቤታችን መሪጌታ በዚያ ሲያልፉ ነገሩን ሰሙና ቆፋሪዎቹን ገሠጹ። «የማን ልጆች ናችሁ እናንተ? አባቶቻችሁ አለቱን እንደ አይብ ቆርሰውት የለም እንዴ? ለአንዲት ቦይ ነው ወገብ የምትይዙት?»

አንደኛው ዶማውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ፣ «ልክ ነው መሪጌታ፤ ያኔ ግን ሌሊት የሚያግዝ ነበረ» አለ።

መሪጌታ ሊቆጡ አሰቡ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቀደመ። ሰው ቀን የፈለፈለውን መላእክት ሌሊት እጥፍ አድርገው ይጨርሱ ነበር የሚለውን ትውፊት ራሳቸው ናቸውና ለልጆቹ ያስተማሩት፣ መልስ አላገኙም። እኔ እንኳ የሌሊቱ ፈረቃ ማብሪያ ማጥፊያ ሳያስፈልገው መሥራቱን አስቤ ወንድሜን አየሁት፤ ቀናበት መሰለኝ።

ቦዩን በመጨረሻ ያወጣው ደቦ ነው። የወንድሜ የባጃጅ ጓደኞች ዲጂኖና ዶማ ይዘው መጡ፤ እናታችን የገብስ ጠላ ጠምቃ ጠበቀች። እስከ ረፋድ ድረስ ቦዩ የተወጠረ ክር ነበር። ጠላው ከቀረበ በኋላ ያለው ክፍል ትንሽ ይዋዥቃል፤ ጎመኑ አጠገብ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ተመልሷል። ዛሬ ያንን ቦታ የማያውቅ ሰው ቢቆፍር ገመዱን ባልጠበቀው ቦታ ያገኘዋል። ልጁ ይህን ስለፈራ ቧንቧው ላይ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ጡብ፣ ጡቡ ላይ ቀይ ላስቲክ አስደርድሮ ነው አፈር ያስመለሰው። መስመሩንም በወረቀት ሥሎ ሰጥቶኛል፤ ካርታው ላይ ያቺ ጠማማ «ጠላ» ተብላ ተመዝግባለች።

ቀጥሎ የመሬቱ ዘንግ መጣ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ገመድ ተልጦ ግድግዳውን ቢነካ ቤቱ በሙሉ ኮረንቲ ይሆናል፤ በሩን የሚከፍተውንም እጅ ይይዘዋል። ስለዚህ መዳብ የተቀባ 1.5 ሜትር ዘንግ መሬት ውስጥ ገብቶ ከቆርቆሮው ጋር መያያዝ አለበት። ዋናው ቤት ያለው ሰሌዳ ላይም ለብቻው ብሬከር፣ ከዚያም 30 ሚሊ አምፒር እንኳ ወደ መሬት ቢያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ አስገባልን። ይህ ገንዘብ የማይሳሳለት ዕቃ ነው፤ በልጁ ግፊት ባይሆን ኖሮ ወንድሜ በዚያ ዋጋ ለባጃጁ ጎማ ይገዛበት ነበር።

ዘንጉ ግማሽ ሜትር ያህል ገባና የላስታን አለት አገኘ። በመዶሻ መቱት፤ መዶሻው ዘለለ። በትልቁ መዶሻ መቱት፤ አናቱ እንጉዳይ ሆነ። ልጁ ላቡን ጠርጎ ግቢውን በዓይኑ ዞረና የልብስ ማጠቢያው ውኃ የሚፈስበትን ረግረግ መረጠ። እዚያ ሰፊ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ዘንጉ አግድም ተጋደመ፤ ዙሪያው እርጥበት እንዲይዝና ኮረንቲውን ደህና አድርጎ እንዲያሳልፍ የተፈጨ ከሰልና ጨው መሞላት ነበረበት። ይህ በሙያው የታወቀ ነገር ነው። ግን መሽቶ ነበር። ሦስት ሰው ጉድጓድ ዙሪያ በኩራዝ ተንበርክኮ አንዱ ከሰል ይበትናል፣ አንዱ ጨው ይነሰንሳል፣ ልጁ ደግሞ በዝቅተኛ ድምፅ «አንድ እጅ ከሰል፣ አንድ እጅ ጨው፣ አንድ እጅ አፈር» ይላል። በዚያው ቅጽበት መሪጌታ ከማታ ጸሎት ሲመለሱ በአጥር በኩል አዩን።

ቆሙ። መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ለማን ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለመብራቱ ነው፣ መሪጌታ።»

«መብራቱን ምን አደረጋችሁት?»

ልጁ ሊያስረዳቸው ተነሣ። ኮረንቲ ሲሾልክ ወደ ምድር የሚወርድበት መንገድ ይፈልጋል አላቸው። ከሰሉ እንዳይደርቅ፣ ጨውም መንገዱን እንዲከፍትለት ነው አላቸው። ባስረዳ ቁጥር እየባሰ ሄደ። «የሚሾልክ ነገር፣ ከምድር በታች መንገድ የሚከፈትለት፣ በጨውና በከሰል» ሲሉ ደገሙት፤ ከሳቸው አፍ ሲወጣ በእውነትም የጥንቆላ ደብተር ይመስላል። በመጨረሻ ተረቱ፤ ያሳዘናቸው ጨው ብቻ ነበር። በአሞሌ ሰው የሚገበያይበት፣ የጨው ነጋዴ በሰቆጣ የሚያልፍበት ዘመን ትዝ ብሏቸው «ገንዘብ ትቀብሩ ጀመር?» ብለው አማትበው ሄዱ። በማግስቱ ግን ቤታቸው ያለውን የምጣድ መስመር እንዲያይላቸው ልጁን አስጠሩት። ምጣዱ ሲነኩት ይቆነጥጥ ነበርና።

ማብሪያ ማጥፊያው የት ይሁን የሚለው ክርክር ቁፋሮውን ሁሉ አስረሳን። ወንድሜ ባጃጁ ቤት ውስጥ ይሁን አለ። ባለቤቴ ዋናው ቤት በረንዳ ላይ ይሁን አለች፤ «አምፖሉን አብርቶ ይተኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያድራል» ነው ክርክሯ። በእውነቱ ባለ 10 ዋቷ አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ብታመሽ በወር የምትበላው 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የ3,500 ዋት ምጣዳችን አንድ ሰዓት ሲጋግር አምፖሏ ሁለት ወር የምትበላውን ጨርሶ ይተርፈዋል። የታሪፉም ነገር ቢሆን የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት አልፎ ወደ ውዱ እርከን የሚያወጣን እንጀራው እንጂ ባጃጁ አይደለም። ይህን አውቃለሁ። ግን በቤታችን በምጣድ ላይ ሒሳብ የሚሠራ ወንድ እንጀራውን ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ቢያስብ ይሻለዋል።

ልጁ ሁለቱንም አስታርቃለሁ ብሎ ቱ ዌይ አስገባ። አንድ ማብሪያ ታች፣ አንድ ማብሪያ ላይ፤ በየትኛውም ይበራል፣ በየትኛውም ይጠፋል። ሦስተኛ ገመድ አስጨመረ እንጂ ሥራው ያማረ ነው። ዕርቁ ግን አንድ ማታ አልዘለቀም። ወንድሜ ታች ያበራል፣ ባለቤቴ ከላይ ታጠፋለች። እሱ ዘይት እየቀዳ ሳለ ድርግም ይላል፤ ያበራል። እሷ «ይኼ ልጅ ረስቶ ሄደ» ብላ ታጠፋለች። ከጎረቤት ሆኖ ለሚያይ ቤታችን ከማዶ ተራራ ጋር በምልክት የሚነጋገር ጣቢያ ነበር የሚመስለው። በኋላ ሁለቱም ደክሟቸው ደንብ አወጡ፤ ወንድሜ ታች ካለ ማስል አለበት።

አምፖሏ በበራችበት የመጀመሪያው ምሽት እናታችን እልል አለች፤ ቡናውም ለምረቃ ታች ተፈላ። ስሕተቱ፣ ስሕተት ከተባለ፣ ያኔ ተሠርቷል። ቆርቆሮ ቤቱ ንፋስ አይገባውም፤ አምፖሏ ነጭ ናት፤ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ብርሃኑ አይባክንም። ዋናው ቤት ውስጥ ያለው አሮጌ አምፖል ከሷ ጎን ሲታይ ጧፍ ነው። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስላለባት «እዚህ ላጥና» ብላ ደብተሯን ይዛ ወረደች። እሷ ስትወርድ ሦስት ጓደኞቿ መጡ። እናታችን «ልጃገረዶች ብቻቸውን አያመሹም» ብላ እንዝርቷን ይዛ ወረደች። መሪጌታ ዓይናቸው ደከም ስላለ ብራናቸውን ይዘው ሶኬቱ አጠገብ ጥግ ያዙ። እዚያ ሶኬት ላይ ደግሞ አንድ የአካባቢው ጎረምሳ የጸጉር ማሽን ሰካ፤ «ለአንድ ሰው ብቻ ነው» ብሎ ጀምሮ አሁን መስታወት ሰቅሏል። ብየዳ ማሽን ያለው ያ ጓደኛ አንድም ቀን አልመጣም፤ ቢመጣም መግቢያ የለውም።

ባጃጁ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ታገለ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ከኋላው ትምህርት ቤት፣ ከጎኑ ጸጉር ቤት፣ ከፊቱ ረከቦት ተደርድሮበት ያድር ነበር። ልጆቹ የኋላ መቀመጫው ላይ ኬሚስትሪ ያነባሉ፤ ጸጉር ሊቆረጥ የመጣ ሰው መሪው ላይ ኮቱን ይሰቅላል። ከዚያ ገና ደረሰ። ገና ሲደርስ ላሊበላ ውስጥ የእኔ ቤት የሚባል ነገር ያከትማል። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎጃም በእግሩ የመጣ ሰው እግሩ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ማደር አለበት፤ የከተማው ወግ ነው። እናታችን በሩ ላይ ሆና አቧራ የለበሱ አሥራ ምናምን ምእመናንን አስገባች። «መብራት ያለበት ቤት አለን» ስትል ድምፅዋ ላይ የነበረው ኩራት ቤተ መንግሥት ላላቸውም አይገኝም። ባጃጁ በእጅ ተገፍቶ ወጣ። ወንድሜም አብሮ ገፋ፤ እንግዳን በጨለማ ሲያስተናግድ የኖረ ሰው በብርሃን ለማስተናገድ እምቢ ማለት ከበደው መሰለኝ።

በዓሉ አለፈ፤ እንግዶቹ በደህና ወደ አገራቸው ተመለሱ። ባጃጁ ግን አልተመለሰም። ገለባው ተነጥፎ፣ አግዳሚው ገብቶ፣ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ ነበርና ለማንሣት የደፈረ የለም። አሁን የሚያድረው ወይራው ሥር፣ ሸራ ለብሶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ኤሌክትሪሻኑን እንደገና አስጠራው። ልጁ መጣ፤ ወይራውን አየ፤ ሸራ የለበሰውን ባጃጅ አየ።

«አምፖል ብቻ ነው» አለው ወንድሜ።

ልጁ ማስታወሻውን አውጥቶ ሜትሩን ዘረጋ። «ከዋናው ቤት በአዲስ እንቆፍር ወይስ ከባጃጁ ቤት እንቀጥል?» ሲል ጠየቀ።

ከቆርቆሮው ቤት ውስጥ፣ ከሳቁና ከሚጨሰው ዕጣን መሀል፣ የእናታችን ድምፅ መጣ። «ኧረ ከዚህ እንዳትቀጥሉ ልጆቼ! መብራቱ መንገድ ላይ ይደክመዋል።»